የሰጡትን የሚቀበል

ኮምቦልቻ ውስጥ ዘፈን የሚጀመረው ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር፤ ሸማኔዎች ሥራ ሲገቡ። ማታ ማንም አይዘፍንም። ማታ ከተማው ጸጥ ስለሚል ምሰሶ ላይ ያሉት ጆሮዎች የጎረቤት ሳል ሳይቀር ይሰማሉ። ቀን ግን የሥራ ድምፅ አለ። ጆሮዎቹ የሥራን ድምፅ እንዲንቁ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወፍጮ በተነሣና መጋዝ በጮኸ ቁጥር የድምፅ መዝገብ ቤቱ መኪና እየላከ ተቸግሮ ነበር ይባላል። ስለዚህ በአሮጌው የጥጥ መጋዘን አሥራ አራት የእንጨት የሽመና ዕቃዎች አንድ ላይ ሲንቀሳቀሱ፣ ከመካከላቸው አንድ ሰው ማሲንቆ ይዞ ቢቀመጥ፣ ከግድግዳው ውጭ የሚሰማው ሽመናው ብቻ ነበር።

ሌሎች ከተሞችም የራሳቸው ጫጫታ ነበራቸው። የወልዲያዎቹ ወፍጮ ቤት ይዘፍናሉ፤ ወፍጮ ስለማያርፍ የዘፈናቸው ትንፋሽ ረጅም ነው። የደሴዎቹ አናጢ ቤት ስለሚገቡ መጋዙ ሲያቆም አብረው ማቆም ለምደዋል፤ የደሴ ዘፈን መሀሉ ላይ ድንገት ዝም የሚለው ለዚህ ነው። የእኛው የሸማኔን እግር ይከተላል፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ከዚያ ማጉን የሚያጠጋው እንጨት አንዴ ይመታል። አውቶቡስ ላይ አንድ ሰው በጣቱ ወንበር ሲመታ አይተን የየትኛው ከተማ ሰው እንደሆነ እናውቅ ነበር።

ሕጉ ዘፈን አይከለክልም፤ ይህን ብዙ ሰው ይሳሳተዋል። ሕጉ የሚለው እያንዳንዱ የሚዜም ድምፅ ባለቤቱ ተለይቶ ይታወቅ ነው። ከ2058 ጀምሮ ዘፋኝ ድምፁን ለመዝገብ ቤቱ ይሰጣል። መዝገብ ቤቱ ድምፁን በፈለገው ዘፈን፣ በፈለገው ማስታወቂያ ያሠራዋል፤ ሰውየው ሞቶም ይሠራል። በሕይወት እስካለ ድረስ ግን የሰጠውን ነገር መልሶ እንዳይጠቀምበት ጉሮሮው ላይ ስስ ቀለበት ይደረግለታል። መናገር ይችላል። ድምፁን ከአንድ ሰከንድ በላይ ከሳበው ቀለበቱ ይነክሰዋል። ሰርግ ላይ እልልታው ከሳጥን ይመጣል። ለቅሶ ላይ ሙሾው ከሳጥን ይመጣል፤ የሟቹ ስም ይገባበታል። ማልቀስ ይፈቀዳል፣ ማዜም አይፈቀድም። ሴቶች ድምፃቸውን ሳይስቡ ማልቀስ ተምረዋል፤ ከደጅ ለሚሰማው ሳል ይመስላል።

ሕጉ የሚያከብረው አንድ ነገር አለ። ባለድምፁ ራሱ፣ ማንም ሳያስገድደው፣ ምስክር ባለበት፣ ስሙን ጠርቶ ሁለት ጊዜ «ሰጥቻለሁ» ካላለ ድምፁ አይወሰድም።

ባሌ ደርበው ሞላ ይህን ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ሦስት ጊዜ እንቢ ብሏል። በሦስተኛው ጊዜ የመጡት ሁለት ሰዎች ደሴ ላይ፣ የጦሳን ተራራ ፊት ለፊት የሚያይ ቤት እንደሚሰጡት ነገሩት። ደጃችን ላይ ቆሞ ሰማቸውና፣

«ቤቱ ውስጥ ምን እየሠራሁ ልቀመጥ?» አላቸው።

«ያርፉበታላ።»

«ዝም የሚባልበት ቤትማ አለኝ። ይኸው ቆማችሁበታል።»

ሰዎቹ ሳቁ። እሱም ሳቀ፤ በሩን ዘጋ።

እሱን ለምን እንደፈለጉት እናውቅ ነበር። ዘፋኝ ሞልቷቸዋል፤ ተቀባይ ግን አልነበራቸውም። በእኛ አገር አዝማሪ የራሱን ብቻ አይዘፍንም። ከተቀመጠው ሰው አንዱ ግጥም ይሰጠዋል፤ አዝማሪው ያንን ከአፉ ተቀብሎ በማሲንቆው ሁለት ጊዜ ያዜመዋል። ሙገሳም ይሁን ስድብ፣ ለራሱ የተሰጠ ስድብም ቢሆን፣ ይቀበላል። ብልጥ አዝማሪ ያልወደደውን ቃል አጣምሞ ያልፋል። ደርበው ግን አንድም ቃል ለውጦ አያውቅም። የአባቱ ቤት ሙያ ይህ ነበር። አባቱ ሞላ በመጀመሪያው ዓመት ከተመዘገቡት አንዱ ሲሆን የቀረውን ዕድሜውን ቀለበት አድርጎ አሳልፏል፤ ድምፁ ደሴ መናኸሪያ ውስጥ ሳሙና ሲሸጥ ደርበው ሻንጣ ይዞ ቆሞ ሰምቶታል። ያን ቀን ነው እኔ አልሰጥም ያለው።

አንድ ጊዜ፣ ገና ስንጋባ፣ «ክፉ ሰው ክፉ ነገር ቢሰጥህስ?» ብዬው ነበር።

«ደጅ ላይ ሰው ነኝ፣ አመሌ። የፈለግሁትን እላለሁ» አለኝ። «ማሲንቆ ስይዝ ግን የሰጪው ነኝ። ግጥም የመለሰ አዝማሪ እኮ እንግዳ ከበር እንደመለሰ ነው።»

እኔ የዚህ ሙያ ሰው አልነበርኩም። ዩኒቨርሲቲ አሥራ ስድስት ዓመት ስታቲስቲክስ አስተምሬያለሁ። የማስተማሩ ሥራ ወደ ማሽኖች ሲተላለፍ ሽመና ተማርኩ፤ ጋሽ ኢብሬ፣ የመጋዘኑ አለቃ፣ አሥራ አራተኛውን ሽመና ሰጡኝ። በሁለተኛው ዓመት ለዘፈኑ አንድ ነገር ጨመርኩ። የእኛ ቅኝት አምስት ድምፅ አለው። ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ የክር ቀለም መደብኩና ደርበው ያዜመውን የነጠላው ጥለት ላይ ሠራሁት። ነጠላው ባቲ ገበያ ይወርዳል፤ ከዚያ ወልዲያ ይሄዳል። ወፍጮ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ጥለቱን በጣቱ እየተከተለ ኮምቦልቻ ባለፈው ሳምንት የተዘፈነውን ያዜማል። በመልሱ የእነሱ ጥለት ይመጣልናል። ስድስት ዓመት እንዲህ ሠራን። በየከተማው ሴቶች ዘፈን ለብሰው መንገድ ይሻገሩ ነበር፤ ጆሮ እንጂ ዓይን የተተከለባቸው ምሰሶዎች አልነበሩም።

ምንተስኖትን ያገኘሁት ለቅሶ ቤት ነው።

የጎረቤታችን እናት ሞተው ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠናል። ሳጥኑ የሟቿን ስም በየአራት ስንኙ እየጠራ ሙሾ ያወርዳል፤ ስማቸውን አጥብቆ መናገር ሲገባው አላልቶ ይናገረዋል፤ ማንም ለማረም አልተነሣም። አንድ በሠላሳዎቹ መጨረሻ ያለ ሰው መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ስሙን ሳይነግረኝ አወቅሁት። ከተማሪዎቼ ሁሉ ጎበዙ ነበር። ልጃችን በሞተች ጊዜ ከክፍሉ ልጆች ጋር መጥቶ ሦስት ቀን ከእኛ ጋር ተቀምጧል። ሁለት ወሯ ነበር። ስለዚያ ሌላ የምለው የለም።

«መምህር፣ ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ፣ ምንቴ። የት ጠፋህ?»

«እዚሁ ነኝ። መንገድ ላይ መኪና የሚቆጥሩ ሰዎች ጋ እሠራለሁ።» ዓይኑን ጉልበቴ ላይ ጣለ። «መምህር፣ የነጠላዎ ጥለት ያምራል።»

«ገበያ የወጣ ነው።»

«ቀይ ክሩ ከአረንጓዴ በኋላ መጥቶ አያውቅም» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አራት ክንድ ሙሉ አየሁት፤ አንድም ጊዜ። ቢጫው ደግሞ በየሰባቱ ይመለሳል። አንድ ነገር በዘፈቀደ የተደረደረ መሆን አለመሆኑን እንዴት እንደምንለይ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

መፍራት ነበረብኝ። የተሰማኝ ግን ደስታ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ያን ጥለት ሰው ለብሶት፣ ነክቶት፣ አመስግኖት አልፏል፤ ሳይነገረው ያነበበው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ተማሪዬ። አስተማሪ የሆነ ሰው ይረዳኛል። ያልሆነ ሰው እንዲረዳኝ አልጠይቅም።

«ምን ይመስልሃል?» አልኩት።

«አምስት ቀለም፣ አምስት ድምፅ» አለ። «አንድ ጊዜ ብቻ መስማት እፈልጋለሁ፣ መምህር። ከሳጥን ያልወጣ ነገር ከሰማሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።»

ለጋሽ ኢብሬ ስነግራቸው መወርወሪያቸውን አስቀምጠው አዩኝ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ አንድ ዓይናቸው ሞራ አለበት፣ በሌላው ግን ክር ያስገባሉ።

«መኪና የሚቆጥር ሰው ጥለት ምን ያስቆጥረዋል?» አሉኝ።

«ጎበዝ ስለሆነ ነው።»

«ጎበዝ ሰው መጋዘኔ ገብቶ አያውቅም። የገባነው ሁላችንም ሥራ ያጣን ነን።»

ዘይነባ፣ ከአጠገቤ የምትሸምነው፣ «እኔ ጎበዝ አይደለሁም ማለትዎ ነው?» አለች።

«አንቺማ ምላስሽ ጎበዝ ነው።»

ደርበው ማሲንቆውን እየወለወለ ይሰማል። ጋሽ ኢብሬ ወደሱ ዞሩ። «አንተስ ምን ትላለህ? የሚታነቀው አንገት ያንተ ነው።»

«አመለወርቅ ካወቀችው አውቄዋለሁ» አለ።

እኔም፣ «ለእሱ እኔ አለሁ» አልኩ። ቃሌ ይህ ነው። በጋሽ ኢብሬ፣ በዘይነባና በአሥራ አንዱ ሌሎች ሸማኔዎች ፊት ተናግሬዋለሁ።

ምንተስኖት ሐሙስ ዕለት መጣ። በእጁ አንድ ኪሎ ሙዝ ይዟል። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ እስከ ላይኛው ቁልፍ ድረስ ቆልፏል፤ ኮምቦልቻ በግንቦት እንዲህ የሚቆልፍ ሰው የለም። ዘይነባ አየችውና፣ «ምነው ወንድሜ፣ ብርድ ይዞሃል?» አለችው። ሳቀና ሙዙን ሰጣት።

ሽመናዎቹ ተነሡ። አንድ ሕግ አለን፣ እንግዳ ሲመጣ ጋሽ ኢብሬ ጆሮው ላይ ጠጋ ብለው ይነግሩታል፤ ዘፈን ከተጀመረ በኋላ ሽመና አይቆምም። አንዱ ቢቆም ምንም አይደለም፣ ሦስቱ ቢቆሙ የማሲንቆው ድምፅ ውጭ ይወጣል፣ ያኔ አሥራ አራታችንም እንያዛለን። ስለዚህ ሰው ቢወድቅም እንኳ እግራችን አይቆምም። ምንተስኖት ነገሩን በደንብ ሰማ። «ማለት ምንም ቢሆን?» ብሎ ጠየቃቸው። «ምንም ቢሆን» አሉት።

ደርበው በርጩማው ላይ ተቀምጦ ገመዱን ሁለት ጊዜ ፈተሸ። የፈረስ ጭራ ስለጠፋ የቆዳ ፋብሪካ ሰዎች ለብሩሽ ከሚያመጡት ነበር የምንሰርቅለት። አንቺ ሆዬን ያዘ። እንደ ልማዷ ዘይነባ ከፈተች፤ እግሯ መርገጫው ላይ፣ አፏ ወደሱ።

የደርበው ሱሪ እንኳ ጉልበት ላይ ጠበበች፣
ሚስቱ ሩቅ እንዳይሄድ አስባ ነው የሰፋች።

ደርበው ተቀበላት። ሁለተኛውን ዙር ሲል ጉልበቱን እያሳየ ነበር። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ሱሪው ጠባብ መሆኑ እውነት ነው፤ የሰፋሁት ግን እኔ አይደለሁም። ጥለቱን ጀመርኩ። ሌሎች ሰጡ፣ ተቀበለ። ከዚያ ምንተስኖት እጁን አነሣ፤ ክፍል ውስጥ እንደሚያነሣው።

ኮምቦልቻ ላይ ወርጄ ሙቀቱን ስጠላ፣
አንድ ድምፅ አስቀረኝ ከሽመናው ኋላ።

ጥሩ ግጥም ነበር። ደርበው ደስ ብሎት ተቀበለው፤ እንግዳው ግጥም ማወቁ ለእኔም ሞገስ እንደሆነ ሊነግረኝ ዓይኑን ወደ እኔ ላከ። ምንተስኖት ሦስት አራት ሙገሳ ጨመረ። ሰው ወደደው። ጋሽ ኢብሬ እንኳ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ፣ ፊቱ ሳይለወጥ፣ ይህን ሰጠው።

አባት ድምፁን ሸጦ በበላው እንጀራ፣
ያደገ ልጅ ሆኖ በማን ነው ሚኮራ።

ስድብ ለአዝማሪ አዲስ አይደለም። ደርበው ፈገግ ብሎ ተቀበለው። ፈገግታው ሁለተኛው ዙር ላይ አልነበረም። ዘይነባ፣ «ኧረ ወንድም፣ ሙዝህን ልመልስልህ?» አለች። ምንተስኖት አልሰማትም። እኔን እያየ የሚቀጥለውን ሰጠ።

ሚስቱ ቁጥር አዋቂ ሁሉን ትቆጥራለች፣
ልጅ ቁጠሪ ሲሏት ምነው ዝም አለች።

እግሬ አልቆመም። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። እጄ ቀይ ክር አስገባ፣ ከዚያ ሰማያዊ። ደርበው ወደ እኔ አልዞረም። አንገቱን ማሲንቆው ላይ ደፍቶ ግጥሙን እንደተሰጠው አለው። አንድ ቃል አልለወጠም። ድምፁ ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ ነበር፤ ዝቅ ያለ፣ ዳር ዳሩ የተበላ። ሁለተኛውን ዙር ሲል ጋሽ ኢብሬ በደህና ዓይናቸው እኔን ይመለከቱ ነበር። ለእሱ እኔ አለሁ ያልኳቸውን እያሰቡ ይመስለኛል።

ምንተስኖት የላይኛውን ቁልፍ በጣቱ ነካው። ቀና ብሎ ተቀመጠና ረጋ ባለ አነጋገር፣ ሁሉም እንዲሰማው፣ የመጨረሻውን ሰጠ።

እኔ ደርበው ሞላ ሰው ሳያስገድደኝ፣
ድምፄን ሰጥቻለሁ መዝገቡ ይውሰደኝ።

በዚያ መጋዘን ውስጥ ይህ ምን እንደሆነ ያልገባው ሰው አልነበረም። ግጥሙ ምንም የተደበቀ ነገር የለውም። ዘይነባ ከመርገጫው እግሯን አነሣች። ከወዲያ በኩል ሁለት ሽመናዎች ዘገዩ። ጋሽ ኢብሬ፣ «አታቁሙ» አሉ። «እንዳታቆሙ፣ ሁላችንም እናልቃለን።» ዘይነባ እግሯን መለሰች። ሽመናዎቹ ተስተካከሉ፤ እንዲያውም ከፊተኛው የበለጠ ጮኹ።

ደርበው ደጋኑን አየር ላይ ይዞ ቀረ። እኔ ከአራት ክንድ ርቀት ላይ ነበርኩ። «ተው» ማለት እችል ነበር። አፌን ከፍቼ እንደነበር አስታውሳለሁ። ምናልባት ራሱ እንቢ ይላል ብዬ ጠበቅሁ፤ ሦስት ጊዜ ደጅ ላይ እንቢ ያለ ሰው ነው፣ አራተኛውን ምን ይከለክለዋል ብዬ። ምንተስኖትም ጠበቀ። አልገፋውም፣ አላስፈራራውም፣ አንድ ቃል አልጨመረም። በኋላ ችሎቱ ሸሚዙ ቁልፍ ውስጥ ከነበረው መቅጃ ሰምቶ ይህን በደንብ ጽፎታል።

«ተቀበል» አለ ምንተስኖት፤ በልማዳችን እንደሚባለው።

ደጋኑ ወረደ። ደርበው ተቀበለ። ስሙን ጠርቶ፣ አንድም ቃል ሳይለውጥ፣ አንድ ጊዜ። ከዚያ ማሲንቆውን ለብቻው አስኬደና ሁለተኛ ጊዜ። እጄ የሚሠራውን ሠራ፤ ዜማው ጥለቱ ላይ አለ፣ ሁለቱም ዙር፣ ስህተት የለበትም።

ምንተስኖት ተነሥቶ ለእያንዳንዳችን እጅ ነሣ። አጠገቤ ሲደርስ ጎንበስ አለ።

«መምህር፣ ስለ ልጅቷ ነገር ይቅርታ። የግል አይደለም» አለኝ። «ደስ ሲለው የሚያወጣውን ድምፅ ከዚህም ከዚያም ለቃቅመን ነበር። የተከፋ ሰው ሲቀበል ግን ናሙና አልነበረንም።»

አሥራ አራታችንንም ማንም አላሠረንም። ምስክሮች ነን። የእኔ ጥለት ደግሞ የጽሑፍ ማስረጃ ተብሎ ተቆርጦ ተወሰደ። ዘይነባ እስከ ዛሬ አታናግረኝም፤ ገበያ ላይ ስታገኘኝ ነጠላዋን ገልብጣ ትለብሳለች። ወልዲያና ደሴ ወሬው ሲደርሳቸው ጥለት መላክ አቆሙ። አንዳንዶቹ አሁንም ይዘፍናሉ ይባላል፣ ግጥም ግን ከማያውቁት ሰው አይቀበሉም። እንግዳ የማይሰጥበት ዘፈን ምን እንደሚመስል አላውቅም።

ቀለበቱን ሰኞ ዕለት አደረጉለት። የሰባት ደቂቃ ሥራ ነው። ነርሷ ትሑት ነበረች፤ ሲዋጥ ትንሽ ይከብዳል፣ ይለምዱታል አለችው። እቤት ስንገባ ውሃ ጠጣና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እስከ ዓርብ አልጠየቅሁትም። ዓርብ ምሳ ላይ ጠየቅሁት።

«ለምን ተቀበልከው?»

የተመዘገቡ ሰዎች ቃላቸው አጭር ነው፤ እየቆረጡ ነው የሚናገሩት። ቁራሹን አስቀምጦ፣

«ሰጠኝ» አለ።

«ሰጠኝ ብቻ?»

«ሰጠኝ፣ አመሌ። ሌላ ምን ልበልሽ?»

ስለሌላው ግጥም፣ ስለ ልጃችን ስለተባለው፣ እሱም አላነሣም፣ እኔም አላነሣሁም።

በሐምሌ የእሱ ሳጥን ወጣ። ከሌሎቹ ይለያል፤ ሰው ግጥም ይሰጠዋል፣ እሱ ይቀበላል። በየመናኸሪያው አንድ አንድ ተከሉ። ሰው ተሰለፈ። አለቃውን የሚሰድብ አለ፣ የቀድሞ ፍቅረኛውን የሚሰድብ አለ፣ እዚህ ልጽፈው የማልችለውን የሚሰጥም አለ። ሁሉንም ይቀበላል፣ ሁለት ሁለት ጊዜ። አንድ ቀን ደርበው ፀጉሩን ሊቆረጥ ወጥቶ በዚያ በኩል ሲያልፍ ሰማው። ሲመለስ እንዴት ነው አልኩት።

«ጥሩ ይቀበላል» አለ።

ክረምቱ ሲገፋ ቀለበቱ ሥር ቁስል ወጣ። እርጥበት ነው አሉን። ቁስሉን ለማከም ቀለበቱ መፈታት አለበት፤ ቀለበት የሚፈታው ደግሞ በመዝገብ ቤቱ ፈቃድ ነው። ነሐሴ አሥራ ሁለት አመለከትኩ። ጤና ጣቢያው ከላይ ከላይ እያጠበ ቅባት ይቀባል። አንገቱ አበጠ፤ ትኩሳቱ ወጣ፤ ውሃ በማንኪያ ሰጠሁት። ሲያቃስት እንኳ ድምፁን እየቆረጠ ነበር የሚያቃስተው፤ እንዳይነክሰው። ነሐሴ ሃያ ስምንት ሞተ። ፈቃዱ ጳጉሜን ሁለት ደረሰኝ። ማኅተሙ በትክክል የተመታ ነው፣ የስሙም ፊደል አልተሳሳተም።

ለቅሶው ላይ ሳጥን አላስመጣሁም። ይህም ይቻላል፤ ቅጽ መሙላት ብቻ ነው። ሰው ሦስት ቀን ዝም ብሎ ተቀምጦ ተነሣ። ጋሽ ኢብሬ በሦስተኛው ቀን መጡ። እበሩ አጠገብ ተቀምጠው፣ ሲነሡ፣ «አሥራ አራተኛው ቦታሽ አለ» አሉኝ። አልተመለስኩም።

የተመዘገበ ሰው ሚስት አንድ መብት አላት። በወር አንድ ቀን ሳትሰለፍ ሳጥኑ ፊት መቅረብ ትችላለች። ወረቀቱ ቤት ድረስ መጣልኝ። ስድስት ወር መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩት። ባለፈው መጋቢት፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ወረቀቱን ይዤ መናኸሪያ ወረድኩ።

ከፊቴ አንድ የሎሪ ሾፌር ከረዳቱ ጋር ስለ ረዳቱ እናት ግጥም እየሰጠ ነበር። ሳጥኑ ተቀበለው። ሁለቱም ተቃቅፈው ሳቁ። አስተናባሪዋ ወረቀቴን አይታ፣ «ለእናቴ ቦታ ልቀቁ» አለች። ሾፌሩ ወዲያው ገለል አለ። «ይቅርታ እትዬ፣ ይለፉ» አለኝ፤ ጨዋ ሰው ነበር።

ሳጥኑ በወገቤ ቁመት ነው። አፉ ላይ ሽቦ አለው። ቀረብ ስል፣ «እንደምን አደሩ፣ ይስጡኝ» አለ። የደርበው ድምፅ ነው፤ ጠዋት ጠዋት እንደሚሆነው፣ ገና ያልጠራው። ሌላ ሰው አይለየውም።

ግጥም ሰጥቼ አላውቅም ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ከሽመናው ኋላ ተቀምጬ አንድም ቀን አልሰጠሁትም፤ እኔ ሸማኔው ነኝ እል ነበር። ይህንን ግን ለስድስት ወር ሠርቼዋለሁ፤ ቆጥሬ፣ ቤት አስመትቼ። ጎንበስ ብዬ ሰጠሁት።

ሰማሁህ እንግዳ ያልከውን አልልም፣
ይህን ያንተን ግጥም እኔ አልቀበልም።

ማሲንቆው ተነሣ። ሳጥኑ ለየትኛው ግጥም የትኛው ድምፅ እንደሚስማማ ራሱ ይመርጣል። ለዚህኛው የመረጠው ያንን ዝቅ ያለውን፣ ዳር ዳሩ የተበላውን ነው። ደርበው በዚያ ድምፅ አልቀበልም አለ። አንድ ቃል አልለወጠም። አስተናባሪዋ ቀና ብላ አየች። ከዚያ ማሲንቆው ለብቻው ሄደና ሁለተኛ ጊዜ አለው።

«ተቀብያለሁ» አለኝ ሲጨርስ። «ሌላ ካለዎት ይስጡኝ።»

ያንኑ ደግሜ ሰጠሁት።